ምን ተበላሸ?

ቦሰና የማውሱን ቀስት «ብሉቱዝ» ከሚለው መስመር ፊት ወዳለችው ትንሽ ሳጥን ወስዳ ጠቅ አደረገች። ሳጥኗ ውስጥ የነበረችው የራይት ምልክት ጠፋች። ከዚያ ከታች ያለውን ሰፊ ሰማያዊ ቁልፍ ተጫነችና እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ፕሮግራሙ ሥራውን ጀመረ። የጨዋታዎቹና የድራይቨሮቹ ስም ተራ በተራ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ መለወጥ ያዘ። ብሉቱዝ ብቻዋን እንደ ቀላች ቀረች።

ወዲያው ደነገጠች። ሳታስበው ነበር ያደረገችው፤ እጇ ለምዶበታል። ዛሬ ግን ቀይ ሆኖ መቅረት ያለበት ነገር አልነበረም። ልጇ «ሁሉንም አረንጓዴ አድርገሽ ጠብቂው» ብሎ ነበር አደራ ያላት። ኮምፒውተሩ ተሽጧል። ገዢው አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል፤ አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል።

ልጇ ዘርዓብሩክ ነው፤ እሷ ብሩኬ ትለዋለች። ሌላ ልጅ የላትም። ከሰመራ ወዲያ መንገድ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ቀያሽ ሆኖ ከሄደ በዚህ ኅዳር ሁለት ዓመት ሞላው። ካምፑ ውስጥ ያለው ኢንተርኔት እንደምንም ለስልክ መልእክት ይበቃ እንደሆነ እንጂ ለሌላ አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት ለፋሲካ መጥቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ በስድስት ወር ውስጥ የተጠራቀመው ማሻሻያ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። አንዱ ጨዋታ ካልታደስኩ አልከፈትም አለ፤ ሌላው ሲከፈት የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር አርጅቷል ተባለ። ልጁ በዓሉን ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ሲያወርድ ሰንብቶ፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ባበቃበት ቀን ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ይህን ፕሮግራም የጫነው ያኔ ነው፤ ከመሄዱ በፊት፣ አንድ እግሩ በር ላይ ሆኖ።

«እማ፣ በሳምንት አንዴ ነው» አላት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፍቺዋለሽ። ያረጀውን ራሱ ፈልጎ በቀይ ይጽፍልሻል፤ ጨዋታውንም ድራይቨሩንም። አንቺ ይቺን ሰማያዊ ትጫኛለሽ፣ በቃ።»

«ድራይቨሩ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አስተርጓሚ በይው። ስክሪኑም፣ ስፒከሩም፣ ሁሉም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው አስተርጓሚ አለው። አስተርጓሚው ካረጀ አይግባቡም።»

ይህ ገብቷታል። ቦሰና ማሽን የሚያስፈራት ሴት አይደለችም። ጉለሌ ካሉት ልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የሚሰፋ ማሽን ላይ ተቀምጣ፣ አምና ነው ጡረታ የወጣችው። የእንግሊዝኛ ፊደልም ቢሆን ሸሚዝ አንገት ላይ ከሚሰፋው የመጠን ምልክት ለቅማለች፤ ብሉቱዝን ከግራፊክስ ለመለየት ያ ይበቃታል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉንም አረንጓዴ አደረገችው። ካምፑ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠራ ብሩኬ የደወለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

«ሁሉም አረንጓዴ ሆነ?»

«ሆነልህ።»

«ጎበዝ! በቃ እማ፣ ሰላም ሁኚ።»

ስልኩን ዘግታ ብታየው አርባ ሰከንድ ይላል። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ሠላሳ አምስት። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ማሻሻያው መሀል ላይ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ አንዱ ድራይቨር እንደ ቀላ ቀረ፤ ብሩኬም ደውሎ «ቀኝ ጠቅ አድርጊ፤ አይ፣ ቀኝ፤ አሁን ጠብቂ» እያለ ይመራት ጀመር። የሚጠበቀው ነገር ብዙ ነበር። እስኪከፈት ሲጠበቅ፣ እስኪዘጋ ሲጠበቅ፣ በየመሀሉ ልጁ ያወራል። ሙቀቱ የቦት ጫማውን ሶል እንደ ላጠው ነገራት። የካምፑ ወጥ ሠሪ በርበሬ ሲጨምር እጁ እንደማይሰስት ነገራት። እንቅልፍ እንደ ከዳውና ሌሊት እየተነሣ ውጭ እንደሚቀመጥም ነገራት፤ ይህን ፊት ለፊቷ ቢሆን በምንም ተአምር አይነግራትም። የዚያን ቀን አርባ ሰባት ደቂቃ አወሩ።

ልጁ የአባቱ ልጅ ነው። ስብሐትም እጁ ሥራ ካልያዘ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። የፋብሪካው መካኒክ ነበር። እዚያ ከየማሽኑ በላይ አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል ተሰቅላለች፤ ማሽኑ ሲበላሽ ሠራተኛዋ ታበራታለች፣ መካኒኩ ይመጣል። ሴቶቹ ወገባቸውን ሊያቃኑ ሲፈልጉ ምንም ያልሆነ ማሽን ላይ መብራቱን ያበሩ ነበር። ቦሰናም ታበራ ነበር፤ የእሷ ግን ለወገቧ አልነበረም። ስብሐት ይመጣል፣ የማሽኑን ክዳን ይከፍታል፣ ምንም ያልጎደለው ማሽን ላይ ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ ካቻቢቴውን እያዞረም ያወራል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተጋቡ። ከሞተ አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

እናም በአራተኛው ቅዳሜ ቦሰና የራሷን ቀይ መብራት አበራች። ብሉቱዝን የመረጠችው አስባበት ነው፤ ቤቱ ውስጥ በብሉቱዝ የሚሠራ አንድም ዕቃ ስለሌለ ቢያረጅ ማንንም አይጎዳም። የልጇን ጨዋታ ግን አንዱንም ሳታድስ ቀርታ አታውቅም።

ራስሽ ለምን አትደውዪም የሚላት አይጠፋ ይሆናል። ደውላ ነበር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን። ነፋስና የማሽን ጩኸት መሀል ድምፁ ተሰማት፦ «እማ! ምን ሆንሽ? ምን ተበላሸ?» ድንጋጤው አስደነገጣት። «ምንም፣ እንዲያው ነው» ብትለው ትንፋሹን ወደ ውጭ ለቀቀ። «መሣሪያ ተክዬ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው እማ፣ ማታ እደውልልሻለሁ» አለ። ማታ አልደወለም። ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ቦሰና ያልተበላሸ ነገር ይዛ አልደወለችም።

ባለፈው ቅዳሜ ነው ነገሩ ያበቃው። «ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ገዛሁ» አላት። «ዴስክቶፑን ዊንጌት ጌም ቤት ላለው ልጅ ሸጬዋለሁ። አንቺም ትገላገያለሽ። በየሳምንቱ ስትደክሚ ኖርሽ።»

«ኧረ አልደከመኝም።»

«አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለሽ ነው።»

ልትለው የፈለገችው ሌላ ነበር። ያለችው ግን «እሺ ልጄ» ነው።

ቦሰና ቀዩን መስመር እያየች ምልክቷን ትመልስ አትመልስ ስታመነታ በሩ ተንኳኳ። ገዢው ቶለሳ ሠላሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ደፉ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ ሲሚንቶ ነው፤ ይበርድሃል። ግባ።»

«የቁስቋም ዳገት ባጃጁን አስቀርቶብኝ በእግሬ መጣሁ፣ እትዬ» አለ እየተነፈሰ። «ታች ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዴ ልየውና አላስቸግርዎትም።»

«አየው እንጂ፤ ዕቃ ሳይታይ ይገዛል እንዴ።» ወንበሯን ለቀቀችለትና እንደ ልማዷ ከኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ቶለሳ መጀመሪያ ጨዋታ ከፈተ፤ የጭነት መኪና መንጃውን። ባለፈው ፋሲካ ብሩኬ የተወው ከባድ መኪና በረዶ የለበሰ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቶለሳ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ግራና ቀኙ ነጭ ሜዳ ነው። ቦሰና ይህን መንገድ ታውቀዋለች፤ በበዓሉ ሦስት ቀን ሙሉ ከልጇ ጀርባ ተቀምጣ ሄዳበታለች። ብሩኬ እየነዳ ያወራ ነበር። ስለ አለቃው፣ ለጊዜው ስሟን ስላልነገራት ልጅ፣ አንዳንዴም ስለ አባቱ። ቶለሳ ግን አፉን ገጥሞ መሪውን ብቻ ይጠመዝዛል፤ ምን ያውራት፣ አያውቃት። ያ ሁሉ መንገድ በዝምታ ሲታይ ለካ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረበትም።

«ጥሩ ነው» አለ ቶለሳ ጨዋታውን እየዘጋ። «እንደ ውኃ ነው የሚሄደው። ሁሉም ታድሷል። እ... ይቺ አንዷ ብቻ ነች የቀላችው። ብሉቱዝ።»

«እሷ እምቢ ብላኝ ነው» አለች ቦሰና፤ ውሸቷ ከአፏ ሳይወጣ ጆሮዋን አሞቀው።

«እንየዋ።» ቶለሳ ቦሰና ነክታው የማታውቀውን አንድ ገጽ ከፈተ። ረጅም ዝርዝር ወጣ። ቀስቱን ወደ ታች ጎተተ፤ ደግሞም ጎተተ፤ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «እምቢ አላለችም እኮ፣ እትዬ። በእጅ እየታለፈች ነው። ይኸው፣ ሁሉን ይመዘግባል፦ ‹ተጠቃሚው አልፎታል›፣ ‹ተጠቃሚው አልፎታል›... ስልሳ ስምንት ጊዜ።» ሳቁ መጣ። «ደግሞ ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ! ማነው ባለጉዳዩ?»

ቦሰና አልሳቀችም። «ይህን ዘርዓብሩክ ያየዋል?»

«ሪፖርቱ በየሳምንቱ በኢሜይል ይሄድለታል። ከፍቶ ካነበበው ያያል። ግን ማን ያነበዋል ብለው ነው?»

እፍረቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ግንባሯ ላይ ወጣ። ስልሳ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ «አሁንም ቀይ ነች፣ ብሩኬ» ስትል ልጇ እያወቀ «እሺ፣ ቀኝ ጠቅ አድርጊ» ይላት ነበር? ወይስ አያውቅም? የትኛው እንደሚሻል መወሰን አቃታት። ቢያውቅ ያሳፍራል። ባያውቅ ደግሞ ያ ሁሉ ወሬ የብሉቱዝ እንጂ የእሷ አልነበረም ማለት ነው።

«ምነው፣ ብሉቱዝ አይወዱም?» አለ ቶለሳ አሁንም በፈገግታ።

«ቀይ ካለ ነው የሚያወራኝ» አለች።

ቃሉ እንዲሁ አመለጣት። ለማታውቀው ሰው፣ በገዛ ቤቷ። ቶለሳ ፈገግታውን ሰበሰበ። እጁን ከማውሱ ላይ አነሣና ጉልበቱን አሻሸ። መሄድም መቀመጥም የከበደው መሰለ።

«ታዲያ...» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላድሳት ወይስ እንዳለች ትሂድ? ለእኔ ለውጥ የለውም።»

«እኔ አድሳታለሁ።»

ተነሥታ ከጎኑ ቆመችና ማውሱን ያዘች። ቀስቱን ወደ ሳጥኗ ወሰደች፤ ምልክቷ ተመለሰች። ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫነች። ከአንድ ዓመት በላይ እምቢ ተብላ የኖረችው ብሉቱዝ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከላይ እስከ ታች ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ቦሰና ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ካየችው ብዙ ቆይታለች። ሲያዩት ያምራል፤ እሷ ግን ብዙ አላየችውም።

«እንዲህ የተያዘ ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም» አለ ቶለሳ ገመዶቹን እየነቀለ። «የእኔዎቹን ቢያዩ ያዝናሉ። ሰባቱም ቀይ በቀይ ናቸው።»

«ሰነፍ ነህ ማለት ነው።»

«ልክ ነዎት» አለና ሳቀ። ከዚያ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ፣ በሁለት ምልልስ ኮብልስቶኑን ወረደ። ሁለተኛውን ዙር ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «እትዬ ቦሰና፣ ለልጅዎ ምንም አልነግረውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ሲሄድ ጠረጴዛውን ወለወለች። ሰፊ ጠረጴዛ ነበር ለካ። ሰዓቱ ገና አምስት አልሞላም። ሽሮ ሠርታ ሁለት ጉርሻ በላችና ክዳኑን ገጠመችው። ሬዲዮ ከፍታ ዘጋች። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ ጋቢዋን ደረበች። ስምንት ተኩል ሲሆን ስልኳን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አኑራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። ዘጠኝ ከአምስት። ምሳ እየበላ ይሆናል። ዘጠኝ ከሩብ። ኔትወርክ ይሆናል። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ግን ራሷን ማታለሉ ሰለቻት። ለምን ይደውላል? ምን ተበላሽቶ? ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ እሷም ጭምር ደህና ናት፣ ጤነኛ፣ ጡረተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋቢ ለብሳ ጠረጴዛ የምታይ ሴት።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ዋይፋዩን አየችው። እሱን ማንም አልወሰደውም። ሦስት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶቹን አብርቶ ለማንም ይሠራል። ቦሰና ተነሥታ ጠጋ አለች። ከጀርባው ያለችውን ቀጭን ገመድ በሁለት ጣቷ ያዘቻት። አንዴ ሳብ ብታደርጋት መሀለኛው መብራት ይቀላል፤ ታውቃለች፣ ክረምት ላይ ሆኖ ያውቃል። «ብሩኬ፣ ዋይፋዩ ቀላብኝ።» ቢያንስ አርባ ደቂቃ ነው። አያያዙን ካወቀችበት ደግሞ ዓመት ያስኬዳል።

ስብሐት ትዝ አላት። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ እንደ ቀልድ ጠይቃው ነበር፦ «ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አላት።

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ብናገር መብራቱን ታጠፊዋለሽ ብዬ ነዋ።»

ያን ቀን ሁለቱም ስቀው ነበር። አሁን ሲታሰባት አላሳቃትም። አንድ ዕድሜ አብረው ሲኖሩ እሱ ያለ ካቻቢቴ መጥቶ አያውቅም፤ እሷም ያለ ቀይ መብራት ና ብላው አታውቅም። ኖረው ኖረው አንድ ቀን እንኳ «እንዲሁ ልይህ ብዬ ነው»፣ «እንዲሁ ልይሽ ብዬ ነው» ሳይባባሉ ሄደ።

ገመዷን ለቀቀቻት። መብራቶቹ አረንጓዴ እንደ ሆኑ ቀሩ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ስልኩን አነሣችና ሐሳቧን ሳትቀይር ቁጥሩን ነካችው። ሦስት ጊዜ ጠራ። በአራተኛው ተነሣ፤ ከኋላው ያው ነፋስ ይሰማል።

«እማ! ምን ሆነ? ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም» አለች ቦሰና። «ናፍቀኸኝ ነው የደወልኩት።»

ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ነፋሱ ብቻ ተሰማ። «ሥራ ላይ ከሆንክ ልዝጋው» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ ጠበቀች። ቆይቶ፣ ከዚያኛው ጫፍ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማች።